ካሣቫ የሚነቀልበት ጊዜና ከእርሱ የሚገኘው ምግብ

(በተማሪዎች የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ከምንሰማቸው ታላላቅ ክርክሮች አጠገብ ሲያስቀምጡት ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የአንድ ሥር ነገር ነው። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከአማሮ የመጡ ጓደኞቻችን ካሣቫን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ አንዳንዱ የእንጨት ቦዬ፣ አንዳንዱም የፉርኖ ዛፍ ይለዋል። ከሌላው ክፍል የመጣነው ግን ስሙን ከመስማት በቀር ብዙዎቻችን አላየነውም። ይሁን እንጂ ይህ ሥር ከሴኔጋል እስከ ሞዛምቢክ ድረስ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ምግብ ነው። በአገራችንም በደቡብ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ ነገ በግብርና ወይም በጤና ሥራ የምንሠማራው ሁሉ አንድ ቀን ከፊታችን ማግኘታችን አይቀርም።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። ካሣቫ የተወሰነ የመከር ቀን የለውም፤ በዚህም ምክንያት «በማንኛውም ጊዜ ይነቀላል» እየተባለ ይመሰገናል። ምስጋናው እውነት አለበት። ነገር ግን ሥሩ ከመሬት የሚወጣበት ጊዜ ምን ዓይነት ምግብ ለመሆን እንደሚችል፣ ምን ያህል ዱቄት እንደሚወጣውና ከመበላቱ በፊት ስንት ቀን ሥራ እንደሚጠይቅ ይወስናል። ቀኑን ገበሬው በፈቃዱ ሲመርጥ ይህ ነጻነት በረከት ነው፤ ቀኑን ረኃብ ሲመርጥለት ግን በሰው አካል ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ስለ ተክሉ ጠባይ

ካሣቫ የተወለደው በደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ይህም በ16ኛው መቶ ዓመት የተጀመረ ነው። የሚተከለው ዘሩ ሳይሆን የግንዱ ቁራጭ ነው። ስንዴ ሲደርስ ይቢጫል፤ በቆሎ ሲደርስ ይደርቃል፤ ካሣቫ ግን «ደርሻለሁ» የሚልበት ምልክት የለውም። ፈጥኖ የሚደርሰው ዝርያ ከ7 ወይም ከ8 ወር ጀምሮ ሊነቀል ይችላል፤ ሌላው 12፣ 18፣ እንዲያውም 24 ወር በመሬት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን እንደ ጎተራ ይቆጥረዋል፤ ሲፈልግ አንዱን ሥር ቆርጦ ሌላውን ትቶ ይሄዳል።

ይሁንና ይህ ጎተራ እንደ እህል ጎተራ ያስቀመጡበትን ብቻ የሚመልስ አይደለም። በውስጡ ያለው ሥር ሕይወት ያለው ነው፤ ስታርች ያጠራቅማል፣ መልሶም ያወጣል። ይህን የሚወስኑት የተክሉ ዕድሜ፣ የወቅቱ ዝናብና ከተነቀለ በኋላ የሚያልፉት ሰዓቶች ናቸው።

ስለ ዕድሜው

ገና ለጋ የሆነ ሥር ትንሽና ውኃ የበዛበት ነው። ዕድሜው ሲገፋ ይወፍራል፣ ስታርቹም ይጨምራል። ከዚያም አልፎ ሲቆይ ቃጫው ይበዛል፤ መካከሉን እንደ እንጨት የሚያደርግ ጅማት ይወጣዋል። እንግዲህ «መቼ ይነቀል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ «ምን ሊሠራበት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀቅሎ ለሚበላ ሰው ያረጀ ሥር አይሆነውም፤ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይላምም። በጋና ፉፉ የሚሠራው የተቀቀለውን ካሣቫ ብዙ ጊዜ ከፕላንቴይን ሙዝ ጋር በሙቀጫ እየወቀጡ ነው፤ ሥሩ ሲቀቀል የሚፈረካከስ ካልሆነ ሊጡ ይጎረብጣል፣ በእጅም አይያዝም። በኮትዲቯር አቼኬ የሚሠሩ ሴቶችም ቃጫ የበዛበትን ሥር አይወዱም፤ ምክንያቱም ከተፈቀፈቀና ከተጨመቀ በኋላ እያንዳንዷ ፍሬ ተለያይታ በእንፋሎት መብሰል ይኖርባታል። ይህ የአቼኬ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በናይጄሪያ ጋሪ የሚሠሩት ግን ለዕድሜው ከዚህ ይልቅ ይታገሣሉ፤ ሥሩን ከፈቀፈቁትና ከጨመቁት በኋላ በወንፊት ስለሚነፉት ቃጫው ከላይ ይቀራል። ሆኖም ቃጫው በበዛ መጠን የሚጣለው እንደሚበዛ ማንም ይረዳዋል።

ስለ ወቅቱ

ከዕድሜ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የወቅቱ ነገር ነው። በበጋ ተክሉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ እድገቱንም ይገታል፤ በሥሩ ያጠራቀመው ስታርች ግን በቦታው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ አዲስ ቅጠል ማውጣት ይጀምራል። ለዚህ ቅጠል ስንቁን የሚያገኘው ከየት ነው? ከዚያው ከሥሩ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ከገባ ጥቂት ሳምንት በኋላ የተነቀለ ካሣቫ ውኃው በዝቶ ስታርቹ ቀንሶ ይገኛል፤ ቅጠሉ እንደገና ሠርቶ እስኪያጠራቅም ድረስም እንዲሁ ይቆያል።

ይህ በቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር እንየው። አንዲት ሴት 100 ኪሎ ሥር ተሸክማ አመጣች እንበል። ልጣጩ 20 ኪሎ ያህል ቢወስድ 80 ኪሎ ይቀራታል። ሥሩ በደህናው ወቅት የተነቀለና ከመቶው 35 እጅ ደረቅ ነገር ያለበት ከሆነ፣ ውኃው ሲወጣ 28 ኪሎ ይሆናል። ዝናብ ከገባ በኋላ የተነቀለና ደረቁ ነገር ከመቶው 25 እጅ ብቻ ከሆነ ግን የሚቀራት 20 ኪሎ ነው። ይህ ለምሳሌ ያህል የተደረገ ስሌት ነው፤ በሥራ ላይ የሚባክን ነገር ስላለ የምታገኘው ከዚህም ያንሳል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተሸከመችው ሸክም አንድ ነው፤ የላጠችው፣ የፈቀፈቀችውና የጨመቀችውም ያው ነው። ለድካሙ ልዩነት ሳይኖር የ8 ኪሎ ምግብ ጠፍቷል።

«እንግዲያው ሁሉም በበጋ ይንቀል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በበጋ መሬቱ ይጠነክራል፤ ሥሩ ሲቆፈር ይሰበራል፣ ይቆሳስላል፣ ግማሹም በመሬት ውስጥ ይቀራል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ግንዱን ይዞ መሳብ ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ፀሐይ ስለማይገኝ የተቆራረጠው ሥር ሳይደርቅ ሻጋታ ይይዘዋል። እንግዲህ ለመንቀል የሚመቸው ጊዜ ለማድረቅ አይመችም፤ ለማድረቅ የሚመቸውም ለመንቀል አይመችም። በምዕራብ አፍሪካ ማመስ፣ በኮንጎ መዘፍዘፍ፣ በሌላም ስፍራ በፀሐይ ማድረቅ የተለመደው የአየሩ፣ የማገዶውና የውኃው ሁኔታ እየወሰነው ነው። «ባህላዊ አሠራር» ብለን የምናልፈው ነገር የብዙ ትውልድ ሒሳብ አለበት።

ስለ ሰዓቱ

ካሣቫ በመሬት ውስጥ ሳለ ወራት ይታገሣል፤ ከወጣ በኋላ ግን ሦስት ቀን እንኳ አይታገሥም። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሥጋው ላይ ሰማያዊና ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ለቅቅልም ለሌላም ምግብ እየከፋ ይሄዳል። ድንች ወይም ስኳር ድንች የለመደ ሰው ይህን አይጠረጥርም። ስለዚህ መንቀልና መሥራት አንድ ሥራ ናቸው፤ ላጩ፣ ፈቅፋቂው፣ ውኃውና ማገዶው ሳይዘጋጁ የተነቀለ ካሣቫ የጠፋ ካሣቫ ነው። ሥሩ ከመነቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ የተክሉን ራስ መግረዝ ይህን መበላሸት ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ስታርቹን በጥቂቱ ሊቀንሰው ስለሚችል ለገበያ የሚጓዘውንና ለቤት የሚሆነውን መለየት ይገባል።

ስለ መርዙ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በካሣቫ ውስጥ ሊናማሪን የሚባል ነገር አለ። የሥሩ ሴል ሲሰበር በዚያው በተክሉ ውስጥ ካለ ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ሲያናይድ የሚባለው መርዝ ከእርሱ ይወጣል። ጣፋጭ በሚባለው ዝርያ በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥር ውስጥ ከ50 ሚሊግራም በታች ነው፤ በመራራው ከ100 በላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እጅግ ከዚያ በላይ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ለካሣቫ ዱቄት የተፈቀደው በኪሎ 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። ገበሬው መራራውን የሚተክለው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ መራራውን ጦጣውም፣ ዐይጡም፣ ሌባውም አይደፍረውም።

የአሠራሩ ጥበብ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው፤ ሴሉን መስበርና ጊዜ መስጠት። ጋሪ ሲሠራ ሥሩ ስለሚፈቀፈቅ ሴሉ ፈጽሞ ይሰበራል፤ በጆንያ ሆኖ በድንጋይ ተጭኖ ጥቂት ቀን ሲቆይ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ ይኮመጥጣልም፤ በመጨረሻም በብረት ምጣድ ላይ ሲታመስ የቀረው መርዝ በሙቀቱ ይተናል። በኮንጎ ሥሩ በውኃ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ተዘፍዝፎ ሲላም እንዲሁ ብዙው መርዝ ይወጣል። ከሁሉ ደካማው መንገድ ልጦና ቆራርጦ በፀሐይ ማድረቅ ነው፤ ሴሉ ሳይሰበር ውኃው ስለሚያልቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። በሞዛምቢክ በተደረገ ምርምር በፀሐይ ብቻ የደረቀው ሥር ከነበረው ሊናማሪን ከመቶው ከ25 እስከ 33 እጅ እንደ ያዘ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ከመንቀያው ጊዜ ጋር ምን አገናኘው? እንዲህ ነው። ዝናብ ሲታጣ በሥሩ ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራል፤ በሞዛምቢክ ዝናብ በጎደለባቸው ዓመታት የዱቄቱ ሲያናይድ በኪሎ ከ100 ሚሊግራም በላይ ደርሶ ተገኝቷል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፤ የቀረው ካሣቫ ብቻ ይሆናል። ቤተሰቡ ሥሩን የሚነቅለው ሊነቀል በሚገባው ጊዜ አይደለም፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት ቀን ነው። ለመዘፍዘፊያ የሚሆን ውኃ የለም፤ ልጅ እያለቀሰ ሦስት ቀን የምትጠብቅ እናትም የለችም። ስለዚህ መርዙ በበዛበት ወቅት የሚሠራው ሥራ ያጥራል። መከላከያ የሚሆነው ባቄላ፣ ወተትና ሥጋም በዚያው ጊዜ ይታጣል፤ ሰውነታችን ሲያናይድን የሚያበርደው በእነዚህ ፕሮቲኖች ውስጥ ባለ ድኝ ነውና።

ውጤቱ ኮንዞ የሚባል በሽታ ነው። ቃሉ በኮንጎ የያካ ሕዝብ ቋንቋ «የታሰሩ እግሮች» ማለት ነው፤ በሽታውንም እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ትሮሊ ጽፎታል። ደኅና አድሮ የነበረ ሰው በድንገት ሁለት እግሮቹ ይገተራሉ፤ አይድንም፣ በዱላ ተደግፎ ወይም እየዳኸ ይኖራል። የሚበዛውም በልጆችና በመውለጃ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ሞዛምቢክ በናምፑላ አውራጃ ከ1000 በላይ ሰዎችን መታ። ነገሩን ከመረመሩት ሐኪሞች መካከል ጁሊ ክሊፍና ኋላ በዓለም የታወቀው ስዊድናዊው ሐንስ ሮስሊንግ ነበሩ፤ ያገኙትም ድርቅን፣ መራራ ካሣቫንና በጥድፊያ የተሠራ ምግብን ነው።

ጥድፊያውን የሚያመጣው ድርቅ ብቻ አይደለም። ባንዱንዱ ይባል በነበረው የኮንጎ ግዛት ወደ ኪንሻሳ የሚያደርስ ደኅና መንገድ ሲሠራ የካሣቫ ንግድ ደራ፤ ነጋዴው ቶሎ ስለሚፈልግ የሦስቱ ቀን መዘፍዘፍ ወደ አንድ ቀን ወረደ፤ ኮንዞም ተከተለ። መንገዱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ያንን ሦስት ቀን ለምን እንደሚጠብቁ የጠየቀ ባለ ሥልጣን አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ለእኛ ይህ ታሪክ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጓያን የማያውቅ ማን አለ? ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይቀራል፤ ያለ ልክ ለብዙ ጊዜ ብቻውን የተበላ እንደ ሆነ ግን እግርን ይሰብራል። መርዙ ሌላ ነው፤ የችግሩ አመጣጥ ግን ተመሳሳይ ነው። ደኅናው ሰው ጓያን ከሌላ እህል ጋር እየደባለቀ ይበላዋል፤ የተቸገረው ብቻውን ይበላዋል።

በደቡባችን ካሣቫ የሚበላው ተቀቅሎ፣ ወይም ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በፀሐይ ደርቆና ተፈጭቶ፣ ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ እንጀራና ዳቦ ሆኖ ነው። ማድረቁ ከላይ ደካማ ካልሁት መንገድ መሆኑን አትዘንጉ። የሚያድነው ከሌላ እህል ጋር መደባለቁ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ የሚያገኘውም ጊዜ የራሱ ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም። ቂጣ ግን እንደ ተቦካ ወዲያው ስለሚጋገር ይህን ጊዜ አያገኝም። ጤፉም በቆሎውም በተወደደ ጊዜ የካሣቫው ድርሻ ከፍ እንደሚል ለማንም ግልጽ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚያን ጊዜ ነው።

የወቅቱን ነገር በእኛ አቆጣጠር እንየው። በበልግ፣ በመጋቢት ወር የተተከለ ካሣቫ በታኅሣሥ 9 ወር ይሞላዋል፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ደግሞ 21 ወር። ታኅሣሥና ጥር ፀሐይ ያለባቸው ስለሆኑ ለማድረቅ ይመቻሉ፤ ሥሩም ገና በበልጉ ዝናብ አልተበዘበዘም። ፈጥኖ የሚደርሰውን ዝርያ በመጀመሪያው፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን በሁለተኛው ነቅሎ፣ አድርቆ ማስቀመጥ ይቻላል። ችግር የሚጠናው ግን ብዙ ጊዜ በበልግ ወራት፣ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ነው። ያን ጊዜ የሚነቀለው ሥር ስታርቹ የቀነሰ፣ ፀሐዩም የጎደለበት ነው። ስለዚህ «በችግር ቀን እነቅለዋለሁ» ብሎ በመሬት ከመተው ይልቅ በጥር አድርቆ ለችግር ቀን ማኖር ይሻላል። እንሰት ያለው ሰው ይህን አስተሳሰብ ያውቀዋል፤ እንሰቱን ፍቆ ቆጮውን በጉድጓድ የሚያኖረው ከረኃቡ ቀን አስቀድሞ ነው።

ምን ይደረግ?

«እንዲህ ከሆነ ካሣቫ ይቅር» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጤፍና በቆሎ በሚጠወልጉበት መሬት ላይ ምግብ የሚሰጥን ተክል ከድሃ እጅ መንጠቅ አይገባም። ነገር ግን የግንዱን ቁራጭ ሰጥቶ ዕውቀቱን መንፈግ ከስጦታው ግማሹን ማስቀረት ነው።

1ኛ/ ቁራጩን የሚያድል ሁሉ ዝርያው ጣፋጭ ወይም መራራ መሆኑን፣ ስንት ወር እንደሚፈልግና ለምን ምግብ እንደሚሆን አብሮ ይንገር።

2ኛ/ የምርት መለኪያችን ከሄክታር ስንት ኩንታል ወጣ የሚለው ብቻ አይሁን። ከአንድ ኩንታል ሥር በየወሩ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚወጣና በዱቄቱ ውስጥ ምን ያህል ሲያናይድ እንደ ቀረ ይለካ። ይህ የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ሊሠሩት የሚችሉት የመመረቂያ ጥናት ነው።

3ኛ/ ዱቄቱን የማርጠብ ዘዴ ይታወቅ። በአውስትራሊያው ሊቅ በሃዋርድ ብራድበሪ የተገኘው ይህ ዘዴ ዱቄቱን በውኃ አርጥቦ፣ በስሱ ዘርግቶ፣ በፀሐይ ሁለት ሰዓት ወይም በጥላ አምስት ሰዓት ማቆየት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያኑ ቀን ይበስላል። መርዙን ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ ስድስተኛ እጁ ያወርደዋል። በኮንጎ ኮንዞ በነበረባቸው መንደሮች ሴቶች ተምረውት አዲስ በሽተኛ እስከ መታጣት ደርሷል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላስቲክ ወይም ሰሌን ይበቃዋል።

4ኛ/ ወደ ገጠር ስንሄድ የምናነጋግረው አባወራውን ብቻ አይሁን። የሚነቀልበትን ቀን የሚወስነው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ውኃ መያዙን በእጇ የምታውቀው፣ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የምትቆጥረው ግን የምትሠራው ሴት ናት። ይህን ሥራዋን የሚያሳጥር መፈቅፈቂያና መጭመቂያ ልንሠራላት ብንነሣ እንኳ፣ ካሳጠርነው ጊዜ ውስጥ ማጠር የማይገባው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድመን እንወቅ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ስለ ረኃብ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ምርት ማነስ ነው። ምግብ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ በጊዜው መነቀልና በጊዜው መሠራት እንዳለበት ይህ ሥር ያስተምረናል። ከእኛ መካከል አንዱ ነገ የካሣቫ ቁራጭ ጭኖ ወደ አንድ ቀበሌ ሲሄድ፣ ከቁራጩ ጋር የወራቱን ቁጥርና የሦስቱን ቀን ምክንያት ይዞ ከሄደ፣ የዛሬው ውይይታችን በከንቱ አልነበረም።

ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ሁሉ እንዲናገር እጠይቃለሁ።